አንቴና ያዥ

ሬዲዮ በተከፈተበት ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ውኃ ልጠጣ ብሎ ሲነሣ ጣቢያውም አብሮት ተነሥቶ ይሄዳል። ሰውየው ተመልሶ ሲቀመጥ ድምፁም ይመለሳል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያ ሰው የራሱ ሰው አይደለም። «እንዳትነቃነቅ!» ይባላል። እግሩ ይደንዝዝ፣ ስልኩ ይጩህ፣ ሽንቱ ይምጣ፣ ዜናው እስኪያልቅ የሬዲዮኑ ዕቃ ነው።

እኛ ቤት ይህ ሥራ የማሙሽ ነበር። ካርቱም፣ ቡሪ ማሐስ፣ አንዲት ሃጃ ግቢ ውስጥ ሦስት ክፍል ተከራይተን አምስት ሐበሾች እንኖር ነበር። ማሙሽ በዕድሜ የሁላችን ታናሽ፣ በቁመት የሁላችን በላይ ነው፤ ሁለቱም ለሥራው አስመረጡት። ከሬዲዮኑ ዘንግ ላይ የተጠመጠመውን የመዳብ ሽቦ ይዞ መስኮቱ ደፍ ላይ ይወጣል፣ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ይዘረጋል፣ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛም በማሙሽ ብብት በኩል አልፎ ቤታችን ይገባል። እጁ ዝሎ ዝቅ ያለ እንደሆን ዋሽንግተን ትታፈናለች። «እንዳትነቃነቅ!» እንላለን፣ አራታችንም ባንድ አፍ።

ሃጃ ይህን ቃል ማታ ማታ ከግድግዳው ማዶ ስለሚሰሙ የልጁ ስም መሰላቸው። ጠዋት በር ላይ ሲያገኙት «እንዳትነቃነቅ፣ ልጄ፣ እንዴት አደርክ?» ይሉታል በዐረብኛ። እሱም «አልሐምዱሊላህ» ይላቸዋል። ላርም ያለ አልነበረም። እንደ ኑሮው ከሆነማ ስሙ ነበር።

ሰዓቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሱዳን እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ሰዓት ስትቆጥር ኖራ፣ በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት 22 ቀን ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሰችው። የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ ለሱዳን ብሎ ፕሮግራሙን አላዛወረም፤ የሦስት ሰዓቱ ዜና ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። እሱም በሐበሻ ስንቆጥር ነው እንጂ ሃጃ ስምንት ነው የሚሉት። አብራን የምትኖረው፣ ኒም ዛፍ ሥር ቡና የምታፈላው እታለም ያን ሰሞን «አገሬ በአንድ ሌሊት አንድ ሰዓት ራቀችብኝ» ብላ ስትተክዝ፣ አንድ ሱዳናዊ ደንበኛዋ አውቶቡስ ያመለጣት መስሎት «ነገም አለ» ብሎ አጽናናት።

ይህን ሁሉ ችለን እንኖር ነበር። የአንቴናው ነገር የመጣው በኢንጂነር ነው።

ኢንጂነር የምንለው ሰው ጎንደር ተወልዶ አዲስ አበባ ስምንት ዓመት የታክሲ ረዳት ሆኖ የሠራ ነው። ካርቱም ላይ የሚጠግነው ሙከይፍ ነው፤ ያ በየመስኮቱ ተሰቅሎ ጭዱን ውኃ እያጠጣ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋው ሣጥን። ዲግሪ የለውም። ግን ካቻቢቴ ከኪሱ የማይጠፋ ሰው በስደት አገር ኢንጂነር ካልተባለ ማን ሊባል ነው?

አንድ ማታ ዜናው አልቆ ማሙሽ ክንዱን ሲያሻሽ፣ ኢንጂነር ሬዲዮኑን ወደ ኤፍ ኤም አዞረና ቀዩን መስመር 102.1 ላይ አቆመው።

«ሸገር እዚህ ጋ ነበር» አለ።

ያለው «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ነው። አሸዋ በላሜራ ላይ ሲንሸራተት እንደሚሰማው ያለ። ኢንጂነር ጆሮውን አስጠግቶ አሸዋውን ያዳምጥ ጀመር። ቀጥሎ 97.1 ሄደ፣ ቀጥሎ 98.1። የአዲስ አበባን ጣቢያዎች ቁጥር በቃሉ ያውቃል፤ የጓደኞቹን ደጃፍ እንደሚያንኳኳ ሰው አንድ ባንድ ዞራቸው። የሚከፍት አልተገኘም።

«ዜና አልበቃ ብሎህ ነው?» አልኩት።

«ዜና ምን ያደርግልኛል? የናፈቀኝ ማስታወቂያው ነው።»

መጀመሪያ የቀለደ መስሎኝ ነበር። የለም፣ ምሩን ነው። የቀለም ማስታወቂያ፣ የዘይት ማስታወቂያ፣ ያ በአንድ ትንፋሽ አድራሻውንና ስልክ ቁጥሩን ሁለቴ የሚደግመው ሰውዬ። ከሁሉ በላይ የትራፊኩ ወሬ። ከመገናኛ ወደ ቦሌ የሚወስደው መንገድ ተጨናንቋል ሲባል መስማት ይፈልጋል። ስምንት ዓመት በር ላይ ተንጠልጥሎ ሲረግመው የኖረውን መጨናነቅ! «እኔ በሌለሁበት ተጨናንቆ እንደሆነ ማወቅ አለብኝ» አለ።

ስቀን ስናበቃ ሁላችንም ዝም አልን። እኔ ራሴ የናፈቀኝ ምን እንደሆነ ሳስበው ማለዳ ማለዳ ጎረቤት የሚጮኸው የልዋጭ ልጅ ድምፅ ሆኖ አገኘሁት። አገር ቤት ሳለሁ በዚያ ልጅ ስንት ጊዜ ከእንቅልፌ ተነሥቼ ተራግሜያለሁ።

ማሙሽ «በስልክ በኢንተርኔት አይሰማም እንዴ?» ሲል ኢንጂነር አየው። «እሱ ሬዲዮ ሳይሆን የስልክ ካርድ ነው። ሬዲዮ ማለት ሳትጠራው የሚመጣ ነው።» ስለዚህ አንቴና ይገዛል፤ ጣሪያ ላይ ይቆማል፤ አዲስ አበባ ትመጣለች። መራጩ ደግሞ እኔ እንድሆን ተወሰነ፤ ለሐበሻ ልጆች ሒሳብ ስለማስጠና «ቲቸር» እባላለሁ፣ ቲቸር ደግሞ የማያውቀው የለም።

ኢትዮጵያዊ ካርቱም ተቀምጦ የአገሩን ወሬ ሲያነፈንፍ ይህ መጀመሪያው አይደለም። ጃንሆይ ከእንግሊዝ አገር ስደታቸው በ1932 ክረምት ካርቱም ገብተው፣ በጥር 1933 ድንበር እስኪሻገሩ ድረስ እዚሁ ከተማ ነበሩ። «ባንዲራችን» የተባለው የአማርኛ ጋዜጣም የታተመው እዚሁ ነው። የኦምዱርማን ሬዲዮ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በዚያው በ1940 ነው፤ ጦርነቱ ነው የወለደው። ንጉሥ እንኳ ስድስት ወር ሙሉ ጆሮውን ቀስሮ በተቀመጠበት ከተማ፣ ኢንጂነር ስለ መገናኛ መንገድ ቢጨነቅ አይፈረድበትም።

እኔ ግን ሒሳብ አስተማሪ ነኝና በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ ሒሳቡን ሠራሁለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጭር ሞገድ ወደ ሰማይ ይወጣና ከላይኛው አየር ላይ እንደ ኳስ ነጥሮ ይመለሳል፤ ባሕር ማዶ ያለ ሰው ማሙሽ ብብት ሥር የሚደርሰው ለዚህ ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ ግን መንጠር አያውቅም። ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ምድር ደግሞ ክብ ናት፤ ጥቂት ከሄደ በኋላ ምድር ከሥሩ ጎንበስ ትልበትና እሱ ወደ ሕዋው ይቀጥላል። ምን ያህል እንደሚሄድ ለማወቅ የአንቴናውን ከፍታ በሜትር ትወስዳለህ፣ ስኩዌር ሩቱን ታወጣለህ፣ በአራት ነጥብ አንድ ታባዛለህ፤ ኪሎ ሜትሩ ይመጣል። የሃጃ ጣሪያና ምሰሶው ተደማምረው አሥር ሜትር ቢሆኑ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ያያሉ።

ከአዲስ አበባ በኩል ደግሞ ለኢንጂነር አዝኜ ማሠራጫውን እንጦጦ ጫፍ ላይ አቆምኩለት። እንጦጦ ከካርቱም መሬት ወደ 2800 ሜትር ይበልጣል። ጮቄንም ሌላውንም ተራራ ከመሃል አንሥቼ አገሩን ሁሉ ሜዳ አደረግሁለት፤ ከዚህ በላይ ማንም አያደርግለትም። የሁለቱም እይታ ተደምሮ 230 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከአዲስ አበባ ካርቱም በአየር ወደ 1000 ኪሎ ሜትር ነው። ሸገር ባሕር ዳር እንኳ ሳይገባ መንገድ ላይ ይቀራል።

«እሺ፣ ምሰሶውን እናስረዝመው» አለ።

«ስንት ታስረዝመዋለህ?»

«አንተ አስላው።»

አሰላሁት። ካርቱም ላይ የሚቆመው ምሰሶ 36 ኪሎ ሜትር መሆን አለበት። አራት ኤቨረስት አንዱ ባንዱ ላይ። ቧንቧ የሚሸጠው ደግሞ በስድስት ስድስት ሜትር ስለሆነ፣ 6000 ቧንቧ።

ኢንጂነር ካርቶኑን ረጅም ጊዜ አየው።

«ስድስት ሺህ...» አለ በመጨረሻ። «በጅምላ ከሆነ ይቀንሱልን ይሆናል።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ያን ዕለት ማታ ክፍላችን ውስጥ ሁለቱም ነበሩ፤ የቱ የቱ እንደሆነ ለመለየት ግን አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም በማግሥቱ ዓርብ፣ ያን ሁሉ ሒሳብ ሠርቼ፣ ከኢንጂነር ጋር ሱቅ አረቢ አንቴና ልንገዛ የሄድኩት እኔ ነኝ። ዓርብ ደግሞ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። ቅዳሜ ተመልሰን ሄድን።

ባለሱቁ ሦስት ዓይነት አወጣልን። አንደኛው በ«ተ» ቅርጽ የተዘረጋ፣ ጠፍጣፋ ሽቦ ያለው፣ ግድግዳ ላይ በሚስማር የሚመታ ነው። ሁለተኛው አንድ ዘንግ፣ ከመሃሉ የተቆረጠ፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል። ሦስተኛው ያ ሥጋው የተበላ ዓሣ የሚመስለው፣ በአንድ አከርካሪ ላይ ብዙ አጥንት የተሰካበት ነው።

እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። የኤፍ ኤም ሞገድ ርዝመቱ ሦስት ሜትር አካባቢ ስለሆነ ግማሹ፣ አንድ ሜትር ተኩል ዘንግ፣ ልኩ ነው። በዚያ ላይ ዘንጉ ከሁሉም አቅጣጫ ይሰማል። ቡሪ ደግሞ መሃል ከተማ ናት፤ ጣቢያዎቹ ቅርብ ናቸው። ለቡሪ ሰው ዱላ ይበቃዋል።

ኢንጂነር ግን ዓይኑ ዓሣው ላይ ነው። «ይኸኛው ሩቅ ያያል» አለ። እውነቱን ነው፣ ሩቅ ባይሆንም ወደ አንድ አቅጣጫ አጥብቆ ያያል። እ.ኤ.አ. በ1926 ጃፓኖች ናቸው ይፋ ያደረጉት፤ ቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኡዳ የሚባል ሰው ለፍቶበት፣ አለቃው የያጊ ስም ወጣለት። እስካሁንም ያጊ ነው የሚባለው። ይህን እዚያው ሱቁ ውስጥ ስነግረው ኢንጂነር እግሩን በደስታ መታ። «ሙከይፍ የምሠራው እኔ፣ ደረሰኙ ላይ የሚጻፈው ባለሱቁ!» ዓሣውን ለመግዛት ተጨማሪ ምክንያት አላስፈለገውም፤ ለኡዳ ሲል ገዛው።

ገና ከመክፈላችን በፊት ግን ባለሱቁን ጠይቆታል። «ይኼ አዲስ አበባን ያመጣል?»

ባለሱቁ ወደ ዓሣው አየ፣ ወደ እኛ አየ፣ ከዚያ ወደ ሰማይ አየ። «ኢንሻአላህ» አለ።

ኢንሻአላህ የሚል ነጋዴ ዋስትና አይሰጥም፤ ውሸታም ነው ማለትም አይቻልም።

የቀረው ጣሪያው ነው። ጣሪያው የሃጃ ነው። ሃጃ ነገሩን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰምተው ፈቀዱ፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ከሽቦው አንዱ ጫፍ ወደሳቸው መኝታ ቤት ይውረድ። «ጣሪያዬ ላይ የሚበቅል ነገር ለእኔም ይደርሰኛል» አሉ። ማከፋፈያ ተገዛ፤ ማከፋፈያ ማለት ከሚመጣው ነገር ግማሹን ለሃጃ መስጠት ማለት ነው።

ቱቦላሬውን ከውኃ ታንከሩ ጋር በሽቦ ጠፍረን ካቆምን በኋላ ዓሣው ወዴት ይዙር የሚለው ጉዳይ መጣ። ኢንጂነር ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ዓባይ ወደሚመጣበት አሳየ። ከሃጃ ጣሪያ ላይ ወንዙ በትንሹ ይታያል። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል የሚለውን የሰማነው ልጆች ሳለን ነው፤ የሚዞርበትን አገር ያየነው ቡሪ ነው። ነሐሴ ላይ ውኃው የጎጃምን አፈር ይዞ ቡና መስሎ ሲወርድ ኢንጂነር ዳር ላይ ቆሞ፣ «አፈሩ ያለ አንቴና ይደርሳል» ይል ነበር። ማሙሽ ደግሞ አየር ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን የሚጠፋበትን የሰማይ ማዕዘን አሳየ። እታለም ከታች ሆና «ዝም ብላችሁ ፀሐይ መውጫ አድርጉት» አለች።

ሃጃ ይህን ክርክር ሲያዩ ቆይተው ደረጃውን አጋመሱና አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። አራት ሐበሾች ጣሪያ ላይ ቆመው አቅጣጫ እየፈለጉ ነው። የገባቸው መሰላቸው። «ቂብላው በዚያ ነው» አሉ፣ በጣታቸው ወደ ሰሜን ምሥራቅ እያሳዩ። የለም ሃጃ፣ አዲስ አበባን ነው ብንላቸው አልተዋጠላቸውም። ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ወደ መካ ካልሆነ ወዴት ይዞራል?

ማታ ተሰበሰብን። ሽቦው ተሰካ፣ 102.1 ተከፈተ። «ሽሽሽ።» አሸዋው ድሮ ከነበረው የጠራ ነበር፤ ይህን አልክድም። ጥራት ያለው አሸዋ።

ከግድግዳው ማዶ ግን ጉድ ፈላ። «ሁና ኡምዱርማን» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ፣ ሃጃ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ያህል። እስከዚያ ሌሊት ድረስ ሲንተባተብ የኖረው የሃጃ ሬዲዮ አፉን ፈታ። ዓሣው ጀርባውን ለኦምዱርማን ሰጥቶ እንኳ ከጣሪያ ላይ ሆኖ ሁሉንም ይሰማል። ነቢዩን የሚያወድሰው መዲሕ እንደ ወራጅ ውኃ ጠራ። ሃጃ በር አንኳኩተው አንድ ትሪ ሙሉ ተምርና ሻይ ይዘው ገቡ። «አላህ ይስጣችሁ፣ ሃያ ዓመት እንዲህ ሰምቼ አላውቅም!»

እታለም ተምሩን እየበላች፣ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» አለች። ኢንጂነር ተረቱን አልወደደውም።

በሳምንቱ ደግሞ ማጉያ ገዝቶ መጣ። አትግዛ ብዬው ነበር። ማጉያ ደካማ ድምፅ ባለበት ገጠር ይጠቅማል፤ ጣቢያ በሞላበት ከተማ ግን ለጠገበ ሰው እንደማጉረስ ነው። ሲሰካው ሬዲዮኑ አበደ። አንዱ የመዲሕ ጣቢያ ከቦታው ፈልሶ መላ መስመሩን ወረረው። 88 ላይ መዲሕ፣ 95 ላይ መዲሕ፣ 102.1 ላይም፣ ኢንጂነር ለሸገር ባዶውን አስጠብቆ ያኖረው ወንበር ላይ፣ መዲሕ። በፊት ቢያንስ ባዶ ነበረ፤ ተስፋ የሚቀመጥበት ቦታ ነበረው። ኢንጂነር ማጉያውን ነቅሎ ለአንድ ሳምንት ከኔ ጋር አልተነጋገረም፤ አትግዛ ያልኩት እኔ ስለሆንኩ።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ቡሪ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ ነበረ፤ ቡሪ ውስጥ መብራት መጥፋትም ነበረ። መብራት ሲሄድ ሰፈሩ ሁሉ ይራገማል፤ ሙከይፉ ይቆማል፣ ሰው አልጋውን እየጎተተ ወደ ግቢ ይወጣል። የኛ ቤት ግን ያን ጊዜ ነው ፊቱ የሚበራው። የሙከይፉ ሞተር፣ የስልክ ቻርጀሩ፣ የጎረቤት አምፖል፣ ይህ ሁሉ በአጭር ሞገድ ላይ የሚንጫጫ ነው። መብራት ሲጠፋ ጫጫታው ባንድ ጊዜ ይወድቃል፤ ከባትሪ ሬዲዮናችን ውስጥ የአሜሪካ ድምፅ ያለ አንቴና፣ ያለ ማሙሽ፣ ጥርት ብሎ ይወጣል። አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ሲቃረብ ኢንጂነር ወደ አምፖሉ አንጋጦ ሲለምን አይቻለሁ። ሙከይፍ የሚጠግን ሰው ሙከይፍ እንዲቆም መጸለዩ ከእንጀራው ጋር መጣላት ነው፤ ናፍቆት ይህን ያደርጋል።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ሐምሌ ላይ መሰለኝ፣ ኢንጂነር ከሥራ ቀርቶ ብቻውን ቤት ውሎ ነበር። ስንገባ ፊቱ ሌላ ሆኖ አገኘነው። «ሰማሁ» አለ። ከቀትር በኋላ፣ 97 አካባቢ፣ ሁለት ደቂቃ ለማትሞላ ጊዜ፣ አማርኛ። ሴት ናት፣ ስለ ሳሙና ትናገራለች። ከዚያ አሸዋው ሸፈናት።

ሳቅንበት። እታለም «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለች። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ከሌሎቹ ቀድሜ አቆምኩ። ምክንያቱም የኤፍ ኤም ሞገድ አይነጥርም ያልኩት ሙሉ እውነት አይደለም። አልፎ አልፎ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሙቀት ወራት፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከየት መጣ የማይባል ቀጭን ንብርብር ይፈጠርና ኤፍ ኤምንም ያነጥረዋል፤ ለደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ለሰዓታት። ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚያሻግርበት ጊዜ አለ። ይህን በሲጋራው ካርቶን ላይ አልጻፍኩለትም ነበር። ያን ዕለትም አልነገርኩትም። ብነግረው ሥራውን ትቶ ያን ንብርብር ሲጠብቅ ይኖር ነበር።

ዓሣውን የገደለው ሀቡብ ነው። ያ ከሩቅ እንደ ቡናማ ተራራ ተነሥቶ፣ ሰማይና ምድርን አንድ አድርጎ የሚመጣው አቧራ። ኢንጂነር ሊያድነው ጣሪያ ላይ ሲሮጥ ሃጃ ከግቢው ሆነው በዐረብኛም በአማርኛም ይጮኻሉ፤ አማርኛው «እንዳትነቃነቅ! እንዳትነቃነቅ!» ነው። ማሙሽ የተጠራ መስሎት እሱም ወጣ። አቧራው ሲያልፍ ሁለቱም ቡናማ ሐውልት ሆነው ታንከሩን አቅፈው ተገኙ፤ ዓሣው አከርካሪው ተሰብሮ የጎረቤት ግቢ፣ ፍየሎቹ መሃል ወድቋል። ኢንጂነር አጥንቶቹን ለቅሞ አመጣ። አንዱን እታለም የከሰል መቆስቆሻ አደረገችው። የቀረውን ሃጃ አስጠግነው መልሰው አስተከሉት፤ ያኔ ግን ጥርት አድርገው ወደ ኦምዱርማን አዞሩት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ሰው ያውቀዋል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጦርነቱ ሲጀመር ቡሪ ከሠራዊቱ ዋና መሥሪያ ቤትም ከአየር ማረፊያውም ጋር የምትጎራበት ሰፈር ነበረች። በገዳሪፍ አድርገን መተማ ገባን። ሬዲዮኑን ማን እንዳመጣው አላስታውስም፤ የመጣው ግን መጥቷል።

አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ የትራፊኩን ዘገባ በየቀኑ እሰማለሁ። ከመገናኛ ወደ ቦሌ እንደተጨናነቀ ነው። ኢንጂነር አሁን ያለው ባሕር ዳር ነው፤ ስንደዋወል በየጊዜው እነግረዋለሁ። «አይ፣ ደግ» ይላል።

ባለፈው ዓመት አንድ የማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ። ሃጃ ናቸው። ከወንድ ልጃቸው ጋር አዲስ አበባ መጥተው አንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ተከራይተው ይኖራሉ። «ያ ኡስታዝ» አሉኝ፣ «ቤቱ ጥሩ ነው፣ ብርዱ ግን አጥንት ይሰብራል፤ ደግሞም ሬዲዮኑ ኡምዱርማንን እምቢ አለኝ። አንተ አንቴና ታውቃለህ፤ መጥተህ ምረጥልኝ።»

ሄድኩ። ሬዲዮናቸው ትንሽ፣ ኤፍ ኤም ብቻ ያላት ናት። ቡሪ የነበረችው ናት። ሳጥኗ ላይ ጣታቸው የሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ ለቅቋል። ሃጃ መስመሩን ቡሪ ላይ በነበረበት ቁጥር አቁመው እየጠበቁ ነው። «ሽሽሽ።»

ምን ልበላቸው? የኦምዱርማን ሬዲዮ ሕንፃ በጦርነቱ መጀመሪያ በፈጥኖ ደራሾቹ እጅ ገብቶ፣ ሠራዊቱ መልሶ የያዘው መጋቢት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. መሆኑን ከኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። ሳተላይትም አለ፣ የልጃቸው ስልክም አለ። ሃጃ ግን ጥፋቱን ሁሉ ያሳበቡት በአንቴናው ነው። ሒሳቡ ደግሞ ዞሮ ያው ነው፤ 36 ኪሎ ሜትር፣ 6000 ቧንቧ። አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት።

«ሽቦ አለ?» አልኩ።

ልጃቸው ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ቁራጭ የመዳብ ሽቦ አመጣ። ጫፉን ዘንጉ ላይ ጠመጠምኩ፤ ሌላውን ይዤ በረንዳ ላይ ወጣሁና ኦምዱርማን በግምት ወዳለበት፣ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ከእንጦጦ ጋር ፊት ለፊት ቆምኩ። ቀኝ እጄን ከፍ አደረግሁ። ከውስጥ አሸዋው ትንሽ ቀነሰ፣ ወይም የቀነሰ መሰላቸው።

«እንዳትነቃነቅ!» አሉ ሃጃ።

ወደ ኋላዬ ዞሬ ልጠይቃቸው ፈለግሁ፤ ማሙሽን እየጠሩት ይሁን ወይስ ትርጉሙን ከጊዜ በኋላ ደርሰውበት። ግን ከዞርኩ ድምፁ ይጠፋል።